ጓንቴን ባላወልቅ ኖሮ

እጅ የማውጣት በሽታ አለብኝ። አትሳቁ፤ የምሬን ነው። አንዳንድ ሰው ድግስ ሲያይ እግሩ ይፈጥናል፣ አንዳንዱ የጎረቤት ጭቅጭቅ ሲሰማ ጆሮው ይቆማል። እኔ ጥያቄ ስሰማ ቀኝ እጄ ይነሳል። መልሱን ማወቄን እንኳ ሳይጠይቀኝ ነው የሚነሳው። ይህ እጅ አርፎ ቢቀመጥ ኖሮ በኮሮናው ጊዜ ሙስካት ላይ የደረሰብኝ ሁሉ ባልደረሰብኝ፣ እናንተም ዛሬ ሌላ ነገር ታነቡ ነበር።

በሽታው የያዘኝ ደብረ ማርቆስ፣ ተማሪ ሳለሁ ነው። አንድ ክፍል ውስጥ ሰማንያ ምናምን ነበርን፤ አንድ ዴስክ ላይ አራት፣ ልደታ ሰሞን ዝናብ ከገባ ደግሞ ከደረቁ ጥግ አምስት። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል መምህሩ እንዲያይሽ እጅ ማውጣት ብቻውን አይበቃም። ጣት ማጮህ የግድ ነው። አውራ ጣትንና የመሀል ጣትን አፋትጎ ቀጭ! ቀጭ! ማድረግ፣ ከወንበር ብድግ ማለት፣ «ቲቸር! ቲቸር! እኔ ቲቸር!» እያሉ መንጠራራት። አገር ቤት የተማረ ሁሉ ያውቀዋል። እኔ ግን በዚህ ሙያ ተራ ሰው አልነበርኩም። የእኔ ጣት ሲጮህ በጎን ያለው ክፍል አስተማሪ ጠመኔውን አስቀምጦ «ማነው?» ይል ነበር። መልሴ ትክክል ይሁን አይሁን ሌላ ጉዳይ ነው።

እስከ አስረኛ ክፍል በዚህ ጣት ተማርኩ። ከዚያ ትዳር መጣ፣ ልጅ መጣች፣ ባልየው ሄደ። እኔም ሄድኩ። እሱ የት እንደሄደ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ እኔ ግን ሙስካት፣ አዛይባ ሰፈር፣ ማዳም ቤት ገባሁ። ልጄን ለእናቴ ስሰጣት ሰባት ዓመቷ ነበር። «ሁለት ዓመት ብቻ» አልኳት። ልጅቱ ሁለት ስንት እንደሆነ ታውቃለች፤ በሁለት ጣቷ አሳየችኝ።

ሁለቱ ዓመት ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ኮሮና መጣና አውሮፕላን ቆመ። ይሁን፣ ለዓለም የመጣ ነው አልኩ። አውሮፕላኑ መብረር ሲጀምር ግን ማዳም ዘንድ ገብቼ ኢጃዛ ጠየቅሁ። ኢጃዛ ማለት ዕረፍት ነው፤ ባሕር ማዶ ያለን ሴቶች ከሰላምታ ቀጥሎ የምንማረው ቃል። ማዳም ስልኳን እያየች «ኢንሻላህ» አለችኝ።

ቃሉ መልካም ቃል ነው። ከሚያምንበት ሰው አፍ ሲወጣ ነገሩ እንደሚሆን አምኜ አርፌ እተኛለሁ። ከማዳም አፍ ሲወጣ ግን ሻንጣዬን መልሼ አልጋ ሥር እገፋዋለሁ። በረመዳን ጠየቅኋት፣ ኢንሻላህ። ከዒድ በኋላ ጠየቅኋት፣ ኢንሻላህ። በመጨረሻ አንድ ቀን ቁርጡን ነገረችኝ።

«ሪም ስድስተኛ ክፍልን በጥሩ ውጤት ካለፈች ትሄጃለሽ፤ ኻላስ፣ ቃሌ ነው።»

ሪም ልጇ ናት፤ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ፤ ደግ፣ ሳቂታና ለእንቅልፍ የተፈጠረች። ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ ትምህርቱ በታብሌት ከሆነ ወዲህ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆና ነበር የምትማረው። ማዳም በወዲያኛው ክፍል በሯን ዘግታ ከመሥሪያ ቤቷ ሰዎች ጋር በኮምፒውተር ትሰበሰባለች። የእኔ ሥራ ሪምን መቀስቀስ፣ ታብሌቱን ፊቷ ላይ ማቆምና ወደ ምጣዴ መመለስ ነበር። ስሟ ሲጠራ ሪም «ፕረዘንት» ትልና ተመልሳ ትተኛለች። በኋላ ይህም ደከማትና «ፕረዘንቱን» ለእኔ ሰጠችኝ። ድምፄ ቀጭን ነው፤ ካሜራውም ማዳም ባዘዘችው መሠረት ሁልጊዜ የተዘጋ ነው። አስተማሪዋ ሚስ ሱጃታ የምትባል ሕንዳዊት ስትሆን የተቀጠረችው ትምህርቱ በታብሌት ከሆነ በኋላ ስለነበር የአንድም ልጅ ፊት አይታ አታውቅም። በሰው ስም «ፕረዘንት» ማለት ኃጢአት ነው ብዬ አልጠረጠርኩም። ሽንኩርት እየላጥኩ «ፕረዘንት» እላለሁ፤ እንዲያውም እውነት ነው፣ ነበርኩ።

አንድ ቀን ሚስ ሱጃታ ቅጠል ምግቡን እንዴት እንደሚሠራ ጠየቀች። ከሃያው ልጅ አንድም ትንፍሽ የሚል ጠፋ። እጄ ተነሳ። ሽንኩርቱ ከነቢላው ወለል ላይ ወደቀ፣ ጣቴ ቀጭ አለ፣ መልሱም ከአፌ ወጣ። ፀሐይ፣ ውሃ፣ አየር፣ ሁሉንም አንድ ሳላስቀር።

«ኤክሰለንት፣ ሪም!» አለች ሚስ ሱጃታ። «ግን ያ ምን ድምፅ ነው፣ የኔ ቆንጆ? የእጁን ምልክት መጫን ይበቃሻል።»

እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር። እዚያ ቤት ከገባሁ ጀምሮ «ያላ»፣ «ሱርዓ፣ ቶሎ በይ»፣ «ይሄ ምንድነው ያቃጠልሽው» ተብያለሁ። «ኤክሰለንት» ያለኝ ሰው አልነበረም። በሪም ስም ቢሆንም የገባው እኔ ጆሮ ነው። ያን ቀን ሩዙ አረረ፤ እኔ ግን ደስታ በደስታ ሆኜ ዋልኩ።

ከዚያ በኋላ ማን ያቆመኛል? ማስታወሻ ደብተር ገዛሁ። ሳይንስ በሚኖርበት ቀን ምሳውን ማለዳ ሠርቼ ጨርሼ፣ እጄን ታጥቤ፣ ሻሼን አስተካክዬ ሪም ዴስክ ላይ እቀመጥ ነበር። ሪም ከብርድ ልብሱ ሥር አንድ ዓይኗን ከፍታ፣ እንደ አስተማሪዋ፣ «ሚስ፣ ዛሬ ስለ ምንድነው?» ትለኛለች። «ስለ አጥንት» እላታለሁ። «እሺ» ብላ ትዞራለች። ጣቴን ግን ማስታገሥ አልቻልኩም፤ ምልክቱን እጫናለሁ፣ ጣቴንም አጮሃለሁ። ጣት ማጮህ የሪም መለያ ሆነ። እንዲያውም ሌሎቹ ልጆች ከሪም ተምረው ያጮሁ ጀመር። የኦማን ሕፃናትን ጣት ማጮህ ያስተማርኩ እኔ ነኝ፤ ሽልማት ካለው ይነገረኝ።

የመጀመሪያው መንፈቅ የሳይንስ ውጤት ዘጠና ሰባት ወጣ። ማዳም ለእህቶቿ፣ ለአክስቶቿ፣ ሲብ ከተማ ላለችው የቀድሞ አማቷ ሳይቀር በዋትስአፕ አሠራጨችው። ይሄኔ ነው ብዬ ገባሁ።

«ማዳም፣ ኢጃዛዬ?»

«አሁን? ልጅቷ እንዲህ በጀመረች ሰዓት? ታብሌቱን ማን ያቆምላታል?» ብላ ካየችኝ በኋላ «ኢንሻላህ» አለች።

ገባችሁ? ሪም ብትወድቅ ልጅቷ ስለደከመች አልሄድም። ሪም ብታልፍ ልጅቷ ስለጎበዘች አልሄድም። ገመዱን ገዝቼ፣ አጥብቄ ቋጥሬ፣ አንገቴን ያስገባሁት ራሴ ነኝ። ሌላ ሰው ቢሆን በዚህ ጊዜ አንድ ሁለት ጥያቄ ይስት ነበር። እኔ ግን መሳት ሞት መስሎ ይታየኛል። በሚቀጥለው ፈተና ዘጠና ስምንት አመጣሁ።

በዚህ መሀል ከትምህርት ቤቱ ደብዳቤ መጣ። ልጆቹ በታብሌት የተማሩትን በዓይናቸው እንዲያዩ፣ በትንንሽ ቡድን ተከፍለው፣ ከከተማው ወጣ ብሎ በባሕሩ ዳር ወዳለ የሜዳ ሳይንስ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ። ግድግዳና ጥቁር ሰሌዳ የሌለው፣ ትምህርቱ ሁሉ በአሸዋና በውሃ ላይ የሆነ ትምህርት ቤት ነው። ከእያንዳንዱ ልጅ ጋር ከዚያው ቤት አንድ አዋቂ ይመጣል። መጨረሻ ላይ የዓመቱ የሳይንስ ኮከብ ይሸለማል። ኮከቧ ሪም ናት፤ የቡድኑም መሪ እሷ ናት፣ ለጥያቄ መልስ የምትሰጠው እሷ ናት።

ማዳም እልል አለች። ሪምና እኔ ወጥ ቤት ገብተን በሩን ዘጋን።

«ሚስ» አለችኝ ሪም፣ «እኔ እኮ ምንም አላውቅም።»

«ምንም ማለት?»

«የአጥንቱን ቀን እንኳ ተኝቼ ነበር።»

አሁን ነገሩን አስቡት። ሪም እዚያ ሜዳ ላይ ቆማ ከተንተባተበች ዘጠና ስምንቱ ከየት መጣ ይባላል። ዘጠና ስምንቱ ከእኔ መጣ። ከዚያ ወዲያ ኢጃዛዬ የለም፤ የልጄም ሁለት ጣት ሦስት ሆኗል፣ አራት ሊሆን ነው። ስለዚህ በሁለት ቀን ውስጥ የዓመቱን ትምህርት ልግታት ሞከርኩ። ስለ ቅጠል ስጀምር ትስቃለች፣ ስለ ሳንባ ስቀጥል ታዛጋለች። በመጨረሻ ምልክት እንስጥ ተባባልን። ጥያቄው አዎ ወይም አይደለም የሚባልበት ከሆነ፣ መልሱ አዎ ሲሆን ጆሮዬን እነካለሁ። አይደለም ሲሆን፣ ወደ እኔ ባታይም እንድትሰማኝ፣ እስላለሁ።

ይህን ዘዴ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ሰው ሁሉ ከሳል በሚሸሽበት በዚያ ዘመን ሳልን የምስጢር ምልክት ያደረገ ሌላ ሰው ካለ ልተዋወቀው እፈልጋለሁ።

የጉዞው ቀን ማዳም ራሷ አልብሳ ላከችኝ። ሁለት ጭምብል፣ ከዚያ በላይ የፕላስቲክ መከለያ፣ በእጄ ጓንት፣ በአንገቴ በገመድ የተንጠለጠለ የእጅ ማጽጃ። ሪም ቀለል ያለች ጭምብል አድርጋለች። ማዳም ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ በመኪናዋ አድርሳን «ለሽልማቱ እመጣለሁ» ብላ ወደ ሥራዋ ሄደች።

ከልጆቹ ጋር የመጡትን አዋቂዎች በአንድ አግዳሚ ላይ፣ በመሀላችን ክፍት ቦታ እየተዉ አስቀመጡን። ደብዳቤው «አዋቂ» ሲል እናቶች ይመጣሉ ብሎ ይሆናል። አንዲትም እናት አልመጣችም። አምስታችንም የሰው ቤት ሠራተኞች ነን። አጠገቤ የተቀመጠችው የአገሬ ልጅ ሆና ተገኘች፤ ዘሃራ ትባላለች፣ የወሎ ልጅ ናት፣ ማቢላ ነው የምትሠራው።

ሰላም ተባብለን እንደጨረስን ከላይ እስከ ታች አየችኝና «የማን ነሽ?» አለችኝ።

«የሪም።»

«ወላሂ?» ብላ ጭኗን መታች። «ያቺ ጣት የምታጮኸዋ ሪም አንቺ ነሽ?»

«ምን? እኔ? ልጅቷ ናት እንጂ።»

«ተይ እንጂ እህቴ። የመጀመሪያ ቀን ስሰማው እኮ የእኛ አገር ሰው ገብታለች ብያለሁ። የዓረብ ልጅ ጣት እንዲህ አይጮህም። አብሽሪ፣ እኔም ላያን ነኝ።»

ላያን አብራት የመጣችው ልጅ ናት። ዘሃራ ሳይንስ ብዙም አይሆንላትም፤ አርባና ሃምሳ እያመጣች ላያንን ስታስገስጻት ከርማለች። ወዲያ ጫፍ የተቀመጠችውን የስሪላንካ ሴት በአገጯ አሳየችኝ። የሒሳቡን ክፍል ቀጥ አድርጋ የያዘችው እሷ ናት። ፊሊፒናዊቷ የእንግሊዝኛ ድርሰት ትጽፋለች፤ ለሌላም ቤት ትጽፋለች ይባላል። ክፍሉ እንዳለ እዚያ አግዳሚ ላይ ተቀምጧል ማለት ነው። ወዲያ አሸዋው ላይ የሚሯሯጡት ልጆች ለእኛ ስም ያዋሱን ናቸው።

ሚስ ሱጃታን ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ በአካል አየኋት። አጭር፣ ፈጣን፣ ሰፊ ባርኔጣ ያደረገች ሴት ናት። ልጆቹን በባሕሩ ረግረግ ላይ ወደበቀሉት ዛፎች ወሰደቻቸው፤ እኛም አግዳሚውን ትተን በርቀት ተከተልን።

«ይህ ዛፍ የሚጠጣው ጨዋማ ውሃ ነው። ሪም፣ ጨዉን ሁሉ ውስጡ አስቀምጦ ያኖረዋል?»

ሳልኩ።

«ኖ፣ ሚስ» አለች ሪም።

«ኤክሰለንት! በቅጠሉ በኩል ያስወጣዋል። በደህናው ጊዜ ቢሆን እንድትልሱት አደርግ ነበር።»

ተሳካ! ዘሃራ በክርኗ ጎሰመችኝ። በእርግጥ ፊሊፒናዊቷ ሁለት እርምጃ ከእኔ ራቅ ብላ ቆማ ነበር፤ ልብ አላልኩም።

«ታዲያ ሥሮቹ ሁሉ ጭቃ ውስጥ እንደተቀበሩ ነው የሚኖሩት?»

ሳልኩ። ሪም «ኖ» አለች። ሚስ ሱጃታ ተደሰተች። የስሪላንካዋ ሴት ጭምብሏን በእጇ ጫን አድርጋ ያዘች። ሦስተኛ ጥያቄ መጣ፣ ደግሞ «አይደለም» የሚባል። ምን ዓይነት አስተማሪ ናት ለአንድ እንኳ አዎ የሌላት? በዚህኛው ሪም እንዳትስተው ብዬ ጉሮሮዬን ጠርጌ በደንብ ሳልኩ። ቀና ስል ዙሪያዬን ሰው የለም። ዘሃራ እንኳ ቀሚሷን ሰብስባ አሥር እርምጃ ርቃለች።

ከየት መጣ ሳይባል ነጭ የለበሰ ሰውዬ የሙቀት መለኪያውን ግንባሬ ላይ ደቀነ። ትኩሳት የለኝም። «ግን ትስያለሽ» አለ። ለሳይንስ ብዬ ነው የምስለው ልለው አልችልም። ወስዶ ከሁሉም ሠላሳ እርምጃ ያህል ራቅ ብሎ በሚገኝ ዛፍ ሥር፣ ለብቻው በቆመ የፕላስቲክ ወንበር ላይ አስቀመጠኝና እንዳልንቀሳቀስ በጣቱ አስጠነቀቀኝ።

«አንቺ!» አለች ዘሃራ ከሩቅ፣ በሳቅ እየፈረሰች። «ከዛሬ ጀምሮ አላውቅሽም፣ ወላሂ!»

ሪም ዞር ብላ ፈለገችኝ። ወንበሬ ላይ ሆኜ ጆሮዬን ብነካ አይታያት፣ ብስል ደግሞ አምቡላንስ ይጠራብኛል። ልጅቷ ብቻዋን ቀረች። አሳዘነችኝ። ለእሷ ይሁን ለኢጃዛዬ ያዘንኩት ግን አልተለየኝም።

ወንበሬ ለውሃው ቅርብ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ሚስ ሱጃታ ልጆቹን ወደ እኔ አቅጣጫ አመጣቻቸው፤ ማዕበሉ ሲመለስ በድንጋዮቹ መሀል ትቶት ወደሄደው ውሃ። ጎንበስ ብላ አንድ የቀንድ አውጣ ቅርፊት አነሳች። ከቅርፊቱ ውስጥ ቀጫጭን እግሮች ወጥተው አየሩን ዳሰሱ።

«ይህ ሸርጣን የራሱ ቤት የለውም» አለች። «ባዶ ቅርፊት ፈልጎ ይገባና በሰው ቤት ይኖራል። አሁን ጥያቄዬ ይህ ነው። ከዚህ ቤት የሚወጣው መቼ ነው?»

«ሲርበው!» አለ አንዱ።

«ሲሞቀው!»

«ሲሞት!» አለች ላያን። ዘሃራ በዚያ ማዶ ግንባሯን ያዘች።

«ሪም?»

ሪም አሸዋውን አየች።

እኔ አውቀዋለሁ! ይህን ትምህርት ከሁለት ሳምንት በፊት ተምሬዋለሁ፤ ደብተሬ ላይ ሥዕሉን በቀይ እስክሪብቶ ሥዬዋለሁ። የሚስ ሱጃታ ፊት ቅር ሲለው ከባርኔጣው ሥር ታየኝ። ከሁሉ የበለጠ ያንገበገበኝ ምኑ እንደሆነ ልንገራችሁ? ኢጃዛው አይደለም። እኔ መልሱ እያለኝ ሌላው ሰው ማጣቱ ነው።

እጄ ተነሳ፣ ጣቴም ተፋተገ። ጓንት ውስጥ ስለነበር ግን «ፍሽ» ብሎ ቀረ። ማንም አልሰማም።

ብልህ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ እግዚአብሔርን አመስግኖ እጁን ጭኑ ላይ ያሳርፋል። ተአምር ነው የተደረገልኝ። ማዳም ያደረገችልኝ ጓንት ከጥፋት አዳነኝ። እኔ ምን አደረግሁ? ጓንቴን አወለቅሁ።

ቀጭ! ቀጭ! ቀጭ!

ከረግረጉ ዳር ያረፉት ነጫጭ ወፎች ተነስተው በረሩ። እኔም ከወንበሬ ብድግ ብያለሁ። «ቲቸር! ቲቸር! እኔ ቲቸር! ሲያድግ ነው! ሲያድግና ቤቱ ሲጠበው ነው!» አልኩ፣ በዚያ ዓመት ሙሉ ሽንኩርት እየላጥኩ ባሰለጠንኩት እንግሊዝኛ።

ሚስ ሱጃታ ቀስ ብላ ዞረች። መጀመሪያ ጣቴን፣ ቀጥሎ እኔን አየች።

«ሪም?» አለች።

«የስ፣ ሚስ» አልን፣ እኔም ሪምም፣ በአንድ ላይ።

ከዚያ በኋላ ማስተባበል ምን ያደርጋል። ወደ አግዳሚው የተመለሱት ጓደኞቼ አንገታቸውን ደፉ፤ ዘሃራ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ወፍ ስታጠና ታየኝ። ሚስ ሱጃታ መጥታ ሁለት ሜትሯን ጠብቃ ፊቴ ቆመች።

«የቅጠሉ ቀን አንቺ ነበርሽ?»

«አዎ፣ ሚስ።»

«የአጥንቱም? የልብ ምቱም?»

«እኔው ነኝ።»

«እስከ ስንተኛ ክፍል ተማርሽ?»

«አስረኛ።»

ቀጥላ ስሜን ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። «ኤክሰለንት» አለችና ስሜን ጨመረችበት፣ የእኔን ስም። አሳፋሪ ቢሆንም እዚያው ወንበሩ አጠገብ እንደቆምኩ እንባዬ መጣ፤ ሁለቱ ጭምብል ጠጣው። «ይሁን እንጂ» ብላ ቀጠለች፣ «ያደረግሽው ማጭበርበር ነው፤ ለእናቷም እነግራታለሁ።»

ማዳም ኬክ ይዛ፣ ሽልማቱን ለመቅረጽ ስልኳን አዘጋጅታ ደረሰች። ሚስ ሱጃታ ወደ ጎን ጠርታ ነገረቻት። ማዳም መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት ወደ እኔ ዞረች።

«አንቺ እንግሊዝኛ ትችያለሽ?»

ሦስት ዓመት በእጇ ምልክትና ለእኔ ብላ በሰባበረችው ዓረብኛ ነው የምታዘኝ። ጨው ስትፈልግ ጣቶቿን አፋትጋ ታሳየኝ ነበር።

የትምህርት ቤቱ ውሳኔ አጭር ነው። የሪም ውጤት ተሰርዟል። ከሦስት ሳምንት በኋላ በአካል ቀርባ ትፈተናለች፤ እስከዚያ ራሷ ታጠናለች። «እቺ ሴት ደግሞ ልጅቷ አጠገብ እንዳትደርስ» አለች ሚስ ሱጃታ።

«የት ላድርጋት? ቤቴ ውስጥ ነው የምትኖረው!»

«እሱን እርስዎ ያውቃሉ» ብላ ወደ ልጆቹ ሄደች።

ወደ አዛይባ ስንመለስ መኪናው ውስጥ የሚሰማው የኬኩ ሳጥን መንኳኳት ብቻ ነበር። አለቀልኝ፣ አልኩ። ዓመት ሙሉ የለፋሁበት ኢጃዛ በአንድ ጣት ሄደ። ልጄን በምን አፌ ነው የምጠራት? እያልኩ ሳለ ሪም ከኋላ ወንበር ራሷን ብቅ አደረገች።

«ማማ፣ ቤት ውስጥ መኖር ከሌለባት ኢጃዛዋን አትሄድም?»

ያለ ሳል፣ ያለ ጆሮ፣ ከራሷ ጭንቅላት የወጣ መልስ ነው። ዞሬ አየኋት። ዓይኗ ከጭምብሉ በላይ ይስቃል። ማዳም መሪውን ይዛ ብዙ አሰበች። ሠራተኛ መቅጣት እንዳለባት ታውቃለች፤ ቅጣቱ ምን እንደሆነ ብቻ ነበር የጠፋት።

«ኻላስ!» ብላ መሪውን መታች። «ሳፍሪ! ሂጂልኝ! ዛሬውኑ ትኬት አስቆርጣለሁ!»

እንደ ተቀጣ ሰው ለመምሰል ራሴን ዝቅ አደረግሁ። ጭምብል ለካ እንዲህ ይጠቅማል።

ደብረ ማርቆስ ስደርስ ልጄ መናኸሪያ ድረስ መጥታ ነበር። መጀመሪያ አላወቅኋትም፤ አጠገቧ የቆመችውን ትንሽ ልጅ ነው ላቅፍ የሄድኩት። እሷ ግን ባለችበት ቆማ ጠበቀችኝ። ያመጣሁላት ጫማ ተረከዟ ላይ ቀረ። በጣቷ እየገፋች ለማስገባት ስትታገል ሳይ አልቻልኩም፣ አለቀስኩ። እናቴ «ጫማ ነው እኮ፣ ይለወጣል» አለች።

ሦስት ሳምንት ሲያልፍ ከሪም የድምፅ መልእክት ደረሰኝ። ስከፍተው መጀመሪያ የተሰማው ቀጭ! ነው፤ ደካማ ቢሆንም ትክክለኛ ቀጭ። ከዚያ «ሚስ! ስልሳ ሁለት! ስልሳ ሁለት አመጣሁ! ብቻዬን!» እያለች ጮኸች። እውነቱን ለመናገር ስልሳ ሁለት ስትል ቀኝ እጄን አመመኝ። እኔ ከዘጠና አምስት በታች አላውቅም። ሁለተኛ ጊዜ ስሰማው ግን ደስ አለኝ።

በማግስቱ ማዳም ጻፈችልኝ። ሪም ልትወድቅ ምንም አልቀራትም ነበር፣ ሰባተኛ ክፍል ደግሞ ኬሚስትሪ የሚባል ነገር አለ፣ መቼ ነው የምትመለሺው? ኬሚስትሪስ ትችያለሽ?

ኬሚስትሪ! እጄ ከጭኔ ላይ ብድግ አለ። ልጄ አጠገቤ ቁጭ ብላ የሳይንስ ደብተሯን ከፍታ ስትጠብቀኝ አየሁና መልሼ አስቀመጥኩት። ከዚያ ስልኬን አነሳሁና ማዳም ራሷ እንዳስተማረችኝ በአንድ ቃል መለስኩላት።

ኢንሻላህ።